ትንሽ የፕሮሞሽን ብር ላለው ፊልም ፖስተርና ትሬለር ላይ ምን ይሻላል? ምክር ፈልጌ ነው

ካሜራ_ጀርባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ተረዳድተን የሰራነው ፊልም ኤዲቲንጉ አልቆ ሳውንድ ላይ ነው ያለው፣ ከፋሲካ በኋላ ሲኒማ ቤት ለማስገባት እየተነጋገርን ነው። ፊልሙ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚኖር የሸማኔ ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ አባት ሲሞት ሁለት እህትማማቾች በቤቱ ምክንያት የሚጣሉበት፣ ረጋ ያለ ድራማ ነው ኮሜዲ አይደለም። አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ፕሮሞሽኑን የያዘልን ልጅ ትሬለሩን ሲቆርጠው ያሉትን ሶስት አራት የሚያስቁ ቦታዎች ሰብስቦ ከስር ሞቅ ያለ ሙዚቃ አስገብቶ የፍቅር ኮሜዲ አስመስሎታል። ፖስተሩ ላይ ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት አንድ ትልቅ ተዋናይ ግማሹን ቦታ ይዟል፣ እሱ ግን ፊልሙ ላይ ያለው አምስት ሲን ላይ ብቻ ነው፣ ዋናዎቹ ሁለቱ ሴቶች ጥግ ላይ ትንንሽ ሆነው ነው የገቡት። ልጁ የሚለው "ሰው አንዴ ትኬት ከቆረጠ ጉዳዩ አለቀ" ነው። እኔ ውስጤ አልተቀበለውም ግን ደግሞ ብሩ የኔ ብቻ አይደለም፣ የሰው ብር አለበት፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ማየት አልፈልግም። ለማስታወቂያ የያዝነው ብር ትንሽ ስለሆነ አንዴ ካወጣነው ድጋሚ የለም። በዚህ ስራ ውስጥ ያለፋችሁ እስቲ ንገሩኝ

ትኬት_ቆራጭ፦
እህቴ እኔ ሲኒማ ቤት በር ላይ ለብዙ ጊዜ ሰርቻለሁ ስለዚ የማውቀውን ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው ፊልም መርጦ አይደለም የሚመጣው፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ጥንዶችና የጓደኛ ግሩፖች "ሲኒማ እንግባ" ብለው ነው የሚመጡት፣ ከዛ በር ላይ ፖስተሮቹን ቆመው ያያሉ፣ መስኮቱ ጋር መጥተው ሁለት ነገር ነው የሚጠይቁት፣ "ኮሜዲ ነው?" እና "ማን አለበት?"። እስከዚህ ድረስ የፕሮሞሽን ልጅሽ ልክ ነው። ግን እሱ የረሳው ነገር አለ፣ የ8 ሰአቱ ሾው ሲያልቅ የሚወጣው ሰውና ለ10 ሰአቱ የተሰለፈው ሰው በር ላይ ይገናኛሉ። ሰልፍ ላይ ያለው "እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ የሚወጣውም ፊቱ ላይ ነው መልሱ ያለው። ኮሜዲ ነው ተብሎ ገብቶ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚል አስቢው። መስኮቱ ጋር መጥተው "ይሄን ተዉትና ሌላኛውን ስጡን" ሲሉ በጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ፊልሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ የተነገራቸው ሌላ ስለነበረ ነው።

ሌላው ሲኒማ ቤቱም የሚያየው ወንበር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሰው ካልገባ ጥሩውን ሰአት ለሌላ ፊልም ይሰጡታል፣ አንቺን የስራ ቀን ከሰአት ላይ ያስቀምጡሻል፣ ከዛ በኋላ ፊልሙ አለ ብሎ መናገር ይከብዳል። ስለዚ ብርሽን በሙሉ ከምርቃቱ በፊት አትጨርሺው፣ ለሁለተኛው ሳምንት አስቀሪ። ብዙ ፕሮዲዩሰር ሲያደርግ የማየው ለምርቃት ቀን ቀይ ምንጣፍና ለእንግዳ መስተንግዶ ብሩን ያፈሰውና በሳምንቱ ፖስተር የሚያሳትምበት ያጣል። ምርቃት ላይ የሚመጣው ሰው ደግሞ አብዛኛው በግብዣ ካርድ ነው የገባው፣ ትኬት አይቆርጥም

የሜጋ_ልጅ፦
እኔ አልስማማም። ይቅርታ አድርጊልኝና ሁለት የማይታወቁ ሴቶች ፊት ያለበት ፖስተር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሰው የሚያውቀውን ፊት ነው የሚከተለው ይሄ እዚህ ሀገር ብቻ አይደለም የትም ነው። ተዋናዩን ከፍላችሁ አምጥታችሁ ፊቱን ካልተጠቀማችሁበት ለምን አመጣችሁት? ማስታወቂያ ማለት ደግሞ ብዛት ነው፣ ሰው በየሄደበት ሲያይሽ ነው የሚመጣው። ጆውስን ውሰጂ፣ የስፒልበርጉን የሻርክ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1975። ከዛ በፊት አሜሪካ ውስጥ ፊልም ቀስ ተብሎ ነበር የሚወጣው፣ መጀመሪያ ትልልቅ ከተሞች ላይ ጥቂት ቤት፣ ከዛ እየሰፋ። ጆውስን ግን በአንድ ቀን ከ400 በላይ ሲኒማ ቤት ከፈቱት፣ ከመከፈቱ በፊት ባሉት ሶስት ምሽቶች ደግሞ በየቴሌቪዥኑ 30 ሰከንድ ማስታወቂያ ደጋግመው ለቀቁ፣ ለዛ ብቻ ወደ 700 ሺህ ዶላር አወጡ፣ ለዛን ጊዜ በጣም ብዙ ነው። ከዛ በኋላ ያለው የሆሊውድ የክረምት ፊልም ሁሉ ይሄንን ነው የሚከተለው። ባርቢም በ2023 እንደዛ ነው የሆነው፣ ለማስታወቂያ ያወጡት ፊልሙን ለመስራት ካወጡት ጋር እኩል ወይም በላይ እንደሆነ ነው የተገመተው፣ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ስለዚ ያለሽን ብር ሰብስበሽ በአንድ ሳምንት ከተማውን ሙላው፣ ፊት ያለው ፖስተር፣ ሬድዮ፣ ሞንታርቦ የጫነ መኪና፣ በቃ

ትኬት_ቆራጭ፦
ወንድሜ ጆውስን ጥሩ አድርገህ አነሳኸው ግን ማስታወቂያው ላይ የነበረው ሻርክ ነው፣ ፊልሙ ውስጥም የነበረው ሻርክ ነው። ሰው የተነገረውን ነው ያገኘው። ለዛ ነው ያየው ሰው ሌላውን ይዞ የተመለሰው። ብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ይቀዘቅዝ ነበር። ብዙ ማስተዋወቅ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ የተለየ ነገር ማስተዋወቁ ላይ ነው ጥያቄዬ

ጉለሌ_ዲዛይን፦
ፖስተር ስለምሰራ ይሄ ውይይት የኔ ነው። ካሜራ_ጀርባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቀረጻ ላይ ስቲል ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነበራችሁ? መልሱን እገምታለሁ። እኔ ጋር ከሚመጡት ፕሮዲዩሰሮች አብዛኞቹ ቀረጻው አልቆ ተዋናዮቹ ተበትነው ነው የሚመጡት፣ ከዛ ከቪዲዮው ላይ ፍሬም ቆርጠው ይልኩልኛል ወይ ደግሞ የተዋናዩን የፌስቡክ ፕሮፋይል ፎቶ "ይሄን ተጠቀም" ይሉኛል። ቪዲዮ ፍሬም ሶስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጠር ይበታተናል፣ ተዋናዩም የሰርግ ሱፍ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ለገበሬ ገጸ ባህሪ ማድረግ አይቻልም። ከዛ መፍትሄው ምን ይሆናል፣ የአምስት ሰው ጭንቅላት ደራርቦ ከላይ ትልቁን ፊት ከታች ትንንሾቹን፣ ከኋላ ጭስ፣ ርእሱ ቀይና ወርቃማ። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይም ሂዱ አምባሳደርም ሂዱ አራት ፖስተር ጎን ለጎን ቢሰቀል የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ርእሱን ማንበብ አለባችሁ። ይሄ ያሳዝነኛል ምክንያቱም ሰሪዎቹ አይደለም ችሎታ ያጡት፣ የሚሰጣቸው ነገር ነው የሌለው።

ለአንቺ የምመክርሽ ተዋናዮቹ አሁንም አዲስ አበባ ካሉ አንድ ቀን ወስደሽ ሽሮ ሜዳ እዛው ቤት ውስጥ ልብሳቸውን አስለብሰሽ ጥሩ ፎቶግራፈር ይዘሽ አንሺያቸው። ለምርቃት ከምታወጪው ላይ ቀንሰሽ እንኳን ቢሆን። ሸማኔ ቤት አላችሁ፣ የሽመና እቃው አለ፣ ድሩ ተዘርግቶ ሁለቱ እህትማማቾች በድሩ ግራና ቀኝ ቢቀመጡ ፖስተሩ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፣ ትልቅ ፊት አያስፈልግም። የባርቢን ነገር ወንድማችን አንስቷል፣ ከሁሉም ያስደነቀኝ ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ሮዝ ቀለም የተቀባ ቢልቦርድ ላይ ቀኑን ብቻ የጻፉበት ነበር፣ ፊት የለ ስም የለ፣ ሰው ግን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። እርግጥ እነሱ በዓለም የታወቀ አሻንጉሊት ይዘው ነው፣ አንቺ ያ የለሽም፣ ግን አንድ ጠንካራ ምስል አለሽ።

ደግሞ እባክሽ ርእሱን ከታክሲ መስኮት እንዲነበብ አድርጊው። ፊደላችን ሲጣመም በጣም ቶሎ ነው የሚጠፋው፣ ብዙ ሰው ለማሳመር ብሎ "ሰ" እና "ለ" የማይለይበት ያደርገዋል

ካሜራ_ጀርባ፦
ጉለሌ_ዲዛይን አመሰግናለሁ፣ ስቲል ፎቶ ያነሳልን አልነበረም፣ ግን ሁለቱም ተዋናዮች እዚሁ ናቸው ዛሬውኑ አናግራቸዋለሁ። የድሩ ሀሳብ በጣም ገብቶኛል። የሜጋ_ልጅ ያንተም ሀሳብ እኮ ቀላል አይደለም፣ ብሩን የሰጡን ሰዎች የሚሉትም እሱኑ ነው

ዲሲ_ነዋሪ፦
ልጆች ሰላም ናችሁ። እኔ ከዋሽንግተን ነኝ፣ እዚህ ከመጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ስለ ፕሮሞሽን ስታወሩ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ነገር ሳይነሳ ማለፍ የለበትምና ልጻፍ። ሳንኮፋ የሚለውን ፊልሙን ሰርቶ ሲጨርስ፣ ለመስራት ገንዘቡን ያሰባሰበበት ጊዜ ራሱ ወደ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀርቦ ነበር። ከዛ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ድርጅት ጠፋ። ስለ ባርነት ያለ ማባበል የሚናገር ፊልም ነው፣ አከፋፋዮቹ ተመልካች የለውም አሉ። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ምን አደረጉ፣ ሲኒማ ቤቱን ራሱ ተከራዩት። ኪራዩን ይከፍላሉ፣ የትኬቱ ገቢ የነሱ ነው፣ ኪሳራውም የነሱ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ በትልቅ ጋዜጣ ወይ በቴሌቪዥን አይደለም፣ ለዛ ገንዘብ አልነበራቸውም። ወደ ጥቁሮቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ ወደ ጥቁሮች ሬድዮ፣ ወደ ኮሌጆች፣ ወደ መጻሕፍት ቤቶች፣ ወደ ማህበራት ሄዱ። ፊልሙ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበርና በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ወሰዱት። ሰዉም ፊልሙን የራሱ አድርጎ ተቀበለው፣ ያየው ዘመዱን ይዞ ይመለሳል፣ ቤተ ክርስቲያን በአውቶቡስ ሆኖ ይመጣል፣ ከፊልሙ በኋላ ቁጭ ብሎ መወያየት አለ። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በዚሁ መንገድ ወሰዱት።

ይሄን የምነግራችሁ የድሮ ታሪክ ለማውራት አይደለም። ያ ፊልም ዛሬም አለ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ኃይሌ ያስተምርበት ከነበረው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የተከፈተው መጽሐፍና ቡና ቤት ዛሬም ሰው ይሰበሰብበታል። ፊልሙም ታድሶ በመስከረም 2021 በዳይሬክተሯ ኤቫ ዱቬርኔ አከፋፋይ ድርጅት በአሬይ በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፣ ከወጣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ከተማ ሞልቶ የጠፋ ስንት ፊልም አለ በዚህ መሃል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከፖስተሩ በፊት መጠየቅ ያለብሽ ይሄ ፊልም የማን ነው የሚለውን ነው። የሸማኔ ቤተሰብ ፊልም ከሆነ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች አይተውታል? ከጋሞ የመጡት አባቶች፣ ሸማ ነጋዴዎቹ፣ እነሱ ቀድመው ያዩት ቢሆን ማንም ማስታወቂያ ሰሪ የማይሰራልሽን ይሰሩልሻል። የውርስ ጠብ ያለበት ከሆነ ደግሞ ዕድር ውስጥ የዚህ ዓይነት ታሪክ የማያውቅ የለም።

ትኬት_ቆራጭ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ይሄንን ዕድር ያሉትን በጣም ነው የወደድኩት፣ እስካሁን አንድም ፊልም ሰሪ ዕድር ሄዶ ሲያስተዋውቅ አላየሁም። ዕድሮች በወር አንዴ ይሰበሰባሉ፣ ሊቀመንበሩ አስር ደቂቃ ከፈቀደ በቂ ነው። እናቶች እናቶችን ይዘው ከመጡ ደግሞ ልጆቻቸውም ይመጣሉ

ጥቁር_ቡና፦
እኔ ተመልካች ብቻ ነኝ የፊልም ሰው አይደለሁም ግን ትሬለር ላይ አንድ ነገር ልበል። የኛ ፊልሞች ትሬለር አራት ደቂቃ አምስት ደቂቃ የሆነ ነው፣ ማን ከማን እንደተጣላ ማን እንዳረገዘ ማን እንደሞተ ሁሉ እዛው ላይ ነው ያለው፣ አይቼው ስጨርስ ፊልሙን ያየሁት ነው የሚመስለኝ ለምን ብዬ እሄዳለሁ? አሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2014 ሲኒማ ውስጥ የሚታይ ትሬለር ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ ብሎ መመሪያ አውጥቶ ነበር፣ እነሱ እንኳን በዛብን ብለው ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄ ጭራችሁ ተዉን፣ መልሱን ሲኒማ ቤት እንፈልገዋለን

እና ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያለው ነገር እምነቴን ጨርሶታል። ፊልሙ ውስጥ የሌለ ፎቶ ከፊት ይለጥፋሉ፣ "ጉድ ተሰማ" ዓይነት ርእስ ይሰጡታል፣ ትከፍታለህ የሆነ ሌላ ነገር ነው። በዚህ የተቃጠለ ሰው የእናንተንም እውነተኛ ማስታወቂያ አያምንም። እኔ አሁን አዲስ ፊልም ሲወጣ ማስታወቂያውን አላይም፣ ያየ ጓደኛ ነው የምጠይቀው

ስክሮል_ማድረግ፦
ዲጂታል ላይ እሰራለሁ፣ ሬስቶራንቶችና ሱቆች ነው በብዛት፣ ሁለት ፊልምም ይዤ አውቃለሁ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ፊልም መውጣቱን የሚሰማው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ነው። ሞንታርቦ ያለው መኪና ሰፈር ውስጥ ይሰማል እሺ ግን ትኬት ወደሚቆርጠው ልጅ ስልኩ ይቀርበዋል። ግን እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ታዋቂ ቲክቶከር ከፍሎ "ይሄን ፊልም እዩት" ማስባሉ ነው። ያ ልጅ ትላንት ሳሙና አስተዋውቋል ነገ ደግሞ ቤት ያስተዋውቃል፣ ተከታዩ ያውቀዋል። እኔ ከያዝኳቸው ሁለት ፊልሞች ላይ የሰራው ሌላ ነው፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ የተቆረጠ ንግግር። ድራማ ሲኖር ደግሞ ጥሩ ነው፣ ሁለት እህትማማቾች ቁጭ ብለው "አባዬ ቤቱን ለኔ ነው ያለው" "ለኔም ብሎኛል" የሚሉበት ሲን ካላችሁ እሱን ያለ ምንም ሙዚቃ ልቀቁት። ሰው ኮመንት ላይ ይጣላል፣ "ታላቋ ናት ልክ" "ታናሿ ናት ያስታመመችው" ይላል፣ የራሱን ቤተሰብ ታሪክ ይጽፋል፣ ይሄ ክርክር ነው ፊልሙን የሚያስኬደው።

ሌላው ጥንቃቄ፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት እያለ ሙሉውን ፋይል ለማንም አትስጡ፣ ለጋዜጠኛም ለስፖንሰርም። ቴሌግራም ላይ አንዴ ከወጣ መልሶ የሚሰበስበው የለም፣ ያንተ ማስታወቂያ ለቴሌግራሙ ቻናል ነው የሚሆነው። ከ2012 መጋቢት ሲኒማ ቤቶች በኮሮና ከተዘጉ ወዲህ ሰው ፊልም ስልኩ ላይ መጠበቅ ለምዷል፣ ከዛ በፊትም ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ከጀመረ ጀምሮ ማታ ማታ ቤቱ የሚያየው አለው። ስለዚ ዛሬ የምትወዳደሪው ከሌላ ፊልም ጋር ብቻ አይደለም፣ ሰውዬው ከሶፋው ተነስቶ ታክሲ ይዞ እንዲመጣ ነው የምትለምኚው። ለዛ የሚበቃ ምክንያት ስጪው

የሜጋ_ልጅ፦
ይሄ የመጨረሻው ነገር ልክ ነው እኔም የምለው ለዚህ ነው። ከሶፋው የሚያስነሳው የሚወደው ተዋናይ ነው እንጂ የሸማኔ ቤት አይደለም። ጋሼ የሳንኮፋን ታሪክ አከብራለሁ ግን እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ የፊልሙም ጉዳይ የአንድ ህዝብ ጉዳይ ነው። የሁለት እህትማማቾች የቤት ጠብ እንደዛ ህዝብ ያንቀሳቅሳል ብዬ አላምንም። ብሩን ለሰጧችሁ ሰዎች ብራቸው መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ ቀጣይ ፊልም የለም

ዲሲ_ነዋሪ፦
የሜጋ ልጅ፣ የገንዘቡ ነገር ያልከው ትክክል ነው፣ ሳንኮፋም ኪራዩን መክፈል ነበረበት። ግን የውርስ ጠብ ትንሽ ነገር ነው ያልከው ላይ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ የአባት ቤት ያላጣላው ቤተሰብ ስንት ነው? እኛ እዚህ ሆነን እንኳን በስልክ የምንጣላው በእሱ ነው።

ሰላም_ከሃይፋ፦
እኛንም አትርሱን 🙂 እስራኤል ነኝ። እዚህ አማርኛ ፊልም የምንሰማው ከወጣና ካለቀ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ነው። እናቴ አማርኛ እንጂ ዕብራይስጥ ፊልም አይገባትም፣ ልጆቼ ደግሞ ዕብራይስጥ እንጂ አማርኛ አያነቡም፣ የሚሰሙትም ግማሹን ነው። ሶስታችንም አንድ ላይ ቁጭ ብለን ያየነው የአማርኛ ፊልም የለም ማለት ይቻላል። የዕብራይስጥ ሰብታይትል ያለው ፊልም መጣ ቢባል ሰው አዳራሽ ይሞላል፣ ማስታወቂያው ደግሞ ቀላል ነው፣ እንጀራና ቅመም የሚሸጡ ሱቆች በር ላይ ፖስተር መለጠፍና የቤተሰብ ዋትሳፕ ግሩፖች ውስጥ መላክ በቃ። ግን አስቀድሞ ነው፣ ቀኑ ሲቀርብ አይደለም። ስለ እናትና አባት ቤት የሚያወራ ፊልም ከሆነ ደግሞ እናቴ አልቅሳ ነው የምትወጣው፣ እኔም

ዱባይ_ላይ፦
እኛ ደግሞ በእረፍት ቀናችን በስልክ ነው የምናየው። ሲኒማ ቤት መሄድ ለሁሉም አይመችም፣ ሰአት የሌላት ወይ የማይፈቀድላት አለች። ግን ለፊልም ከፍላችሁ እዩ ብትሉን እንከፍላለን በቀላሉ የሚከፈልበት መንገድ ካለ። አሁን ግን ማን ሰራው የማይባል ቻናል ላይ ነው የምናየው። ፖስተሩ ላይ "በውጭ ላላችሁ በዚህ ቀን በዚህ ሊንክ" ብላችሁ ጻፉልን ቀድማችሁ

ዲሲ_ነዋሪ፦
ትክክል ናችሁ። እዚህ አሜሪካም ፊልም ለማሳየት ከሆነ የሐምሌው የኳስ ፌስቲቫል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሳምንት አካባቢ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት። ከየስቴቱ ሰው በአንድ ከተማ ይሰበሰባል፣ ቀን ኳስ ነው፣ ማታ ዘፈን ነው፣ ፊልም ግን ብዙ አይታይም። ፖስተርሽ ቢያንስ እዚያ ይድረስ።

ፋይል_ዘጠኝ፦
አንድ ጥያቄ ካሜራ_ጀርባ። ታሪኩ እውነተኛ ነው? ማለቴ ፖስተሩ ላይ "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሰረተ" ብላችሁ ልትጽፉ ነው?

ካሜራ_ጀርባ፦
መነሻው አዎ እውነተኛ ነው፣ የማውቃቸው ቤተሰብ ናቸው፣ ግን ብዙ ነገር ቀይረናል። የፕሮሞሽን ልጁ በትልቁ እንጻፈው ይላል፣ ሰው እውነተኛ ታሪክ ሲባል ይመጣል ነው የሚለው

ፋይል_ዘጠኝ፦
እኔ ህግ ነው የተማርኩት ስለዚ ትንሽ ልናገር። ድፍረትን ታስታውሳላችሁ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ፣ በርሊንም እንደዛው፣ አንጀሊና ጆሊ ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር ሆና ስሟ ገባበት፣ ለአንድ የአማርኛ ፊልም ከዛ በላይ ማስታወቂያ ሊገኝ አይችልም። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ብሔራዊ ትያትር ሊመረቅ ታዳሚው አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ነው የፍርድ ቤት እግድ መጣ ተብሎ የቆመው፣ ታሪኩ የኔ ነው ፈቃዴ አልተጠየቀም በሚል አቤቱታ ነበር። በኋላ ተስማምተው ታየ። ማን ልክ ነበር የሚለውን አልገባበትም፣ የምለው "እውነተኛ ታሪክ" የሚለው ቃል ትኬት እንደሚያሸጠው ሁሉ ከጀርባው በህይወት ያለ ሰው አለው። ያ ቤተሰብ ፊልሙን አይቶታል? በጽሁፍ ተስማምቷል? ጎረቤት ፖስተሩን አይቶ "እናንተ ናችሁ አይደል" ሲላቸው ምን ይሆናሉ?

ደግሞ በውጭም ምሳሌ አለ፣ ብሌር ዊች ፕሮጀክት የሚባለው አስፈሪ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1999። በጣም ትንሽ ብር ወጥቶበት ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር በዓለም አስገብቷል፣ የማርኬቲንግ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው፣ ዌብሳይት ከፍተው ልጆቹ በእውነት ጫካ ውስጥ ጠፍተዋል ብለው፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ እየለጠፉ ነው ሰው ያመጡት። ግን ተዋናዮቹ በራሳቸው ስም ነበር የተወኑት፣ ፊልሙ ሲወጣ እንደሞቱ እንዲታሰብ ዝም እንዲሉ ተደረጉ፣ የአንዷ ተዋናይ እናት የሀዘን መግለጫ ካርድ እስከመቀበል ደርሰዋል። ገንዘቡ መጣ፣ የመጣበት መንገድ ግን ሰው ላይ ነው የተራመደው። አንቺ ወደዛ እንዳትሄጂ ነው

ካሜራ_ጀርባ፦
ይሄን ማንም አላነሳልኝም ነበር። ቤተሰቡ መስራታችንን ያውቃሉ፣ ግን አላዩትም፣ የተፈረመ ነገርም የለም። ፖስተር ከመታተሙ በፊት ቤታቸው ሄጄ አሳያቸዋለሁ፣ ያልተስማሙበት ቃል አይጻፍም

ጉለሌ_ዲዛይን፦
በጣም ጥሩ። ካልተጻፈም ፖስተሩ ምንም አይጎድልበትም

ካሜራ_ጀርባ፦
ሁላችሁንም አንብቤ ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል፣ ምን እንደወሰንን ልንገራችሁ፣ የሚቀር ካለ ንገሩኝ። ትሬለሩን እንደገና እየቆረጥነው ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ከሚያስቁት ቦታዎች አንዱ ብቻ ይቀራል ምክንያቱም ፊልሙም ውስጥ ሳቅ አለና መደበቅ የለበትም። ዋናው ፖስተር ሁለቱ እህትማማቾች ድሩ ላይ ናቸው። ተዋናዩን በተመለከተ የሜጋ_ልጅን ሀሳብ ሙሉ በሙሉ አልጣልነውም፣ ስሙ ከላይ ይጻፋል፣ ለሬድዮና ለቲክቶክ እሱ ራሱ ስለ ሁለቱ ተዋናዮች እንዲናገር ጠይቀነው እሺ ብሏል፣ እንዲያውም ፖስተሩ ላይ ፊቱ እንደዛ መውጣቱ ለሱም አልተመቸውም ነበር። ቀይ ምንጣፉን ትተነዋል። በሱ ፈንታ ከምርቃቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና ለሰፈሩ ዕድሮች በነጻ እናሳያለን፣ ከዛ ቁጭ ብለን እንሰማቸዋለን። የቀረውን ብር ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለሁለተኛው ሳምንት አስቀምጠናል። ለውጭው ደግሞ ሰብታይትል የሚሰራ እየፈለግን ነው፣ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ

የሜጋ_ልጅ፦
እሺ ተዋናዩ ራሱ የሚናገርላችሁ ከሆነ ያ ከፖስተሩ ፊት ይሻላል፣ ይሄን እቀበላለሁ። አሁንም ግን ሬድዮ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ የታክሲ ሹፌሮች ቀኑን ሙሉ ሬድዮ ነው የሚሰሙት ተሳፋሪውም አብሮ ይሰማል። እና የነጻው ሾው ላይ የሰዉን ስልክ በር ላይ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፣ ቪዲዮ እንዳይቀረጽ

ትኬት_ቆራጭ፦
ሲኒማ ቤቱን ስትነጋገሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜና እሁዶች የ10 ሰአትና የ12 ሰአት ሾው በውል ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። በቃል ከሆነ ይቀየራል። ከዛ በር ላይ የሚቆም ሰው ከናንተ ቡድን አንድ አድርጊ፣ የሚወጣው ሰው ምን እንደሚል ይስማ፣ ማታ ማታ ይንገርሽ፣ ለሁለተኛው ሳምንት የምታወጪውን ብር በሱ ነው የምትወስኚው

ሰላም_ከሃይፋ፦
ዕብራይስጡን የአክስቴ ልጅ ይሰራዋል፣ ትርጉም ነው ስራው። ጽሁፉን በሰአት ምልክቱ አድርጋችሁ ላኩልኝ በውስጥ መልእክት

ካሜራ_ጀርባ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሳውንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል ከዛ እልክልሻለሁ